ሌዘር ሜትር ለመግዛት ላሰበ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ቤት ስለካ ሰው ይቆምብኛል። «ይቺ ነገር ምንድን ናት? ስንት ገዛሃት? ለእኔስ ትሆናለች?» ይለኛል። ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ዘንድሮ መልሱን ጽፌ ብገላገል አልኩ። እኔ የፊኒሺንግ ሰው ነኝ። የሴራሚክ፣ የኮርኒስና የአልሙኒየም ልኬት እወስዳለሁ። ቀያሽ አይደለሁም። ስለዚህ ከታች «ቀያሽ ጠይቁ» ያልኩበት ቦታ ካለ የምሬን ነው።

ሌዘር ሜትርና ሌዘር ሌቭል አንድ ናቸው?

አይደሉም። ገበያ ላይ ሁለቱም «ሌዘር» ስለሚባሉ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሌዘር ሌቭል ግድግዳ ላይ መስመር ይጥላል። የውሃ ልክና የቱምቢ ሥራ ነው የሚሠራው። ርቀት አይነግራችሁም። ሌዘር ሜትር ደግሞ አንዲት ቀይ ነጥብ ይጥልና እስከዚያች ነጥብ ድረስ ያለውን ርቀት ስክሪኑ ላይ ይጽፋል። መስመር አይጥልም። አንድ የማውቀው ልጅ ለኮርኒስ ሥራ «ሌዘር ላኩልኝ» ብሎ አዲስ አበባ ደወለ። የመጣለት ሌዘር ሜትር ነው። ስትልኩ ሙሉ ስሙን ተናገሩ።

እንዴት ነው የሚለካው?

ብርሃን ይልካል፤ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይሄዳል። አንድ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 7 ናኖሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ናኖሰከንድ ማለት አንድ ሰከንድ ለቢሊዮን ሲካፈል ነው። ይህን ጊዜ እስከ ሚሊሜትር በሚደርስ ጥራት በርካሽ ዕቃ መቁጠር ይከብዳል። ስለዚህ ለግንባታ የሚሠሩት አብዛኞቹ በሌላ ዘዴ ነው የሚሄዱት። ብርሃኑን በጣም በፍጥነት እያደመቁና እያደበዘዙ ይልካሉ። ሲመለስ ያ ሞገድ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ አይተው ርቀቱን ያሰላሉ። ሩቅ የሚለኩት መሣሪያዎች ግን ብልጭታ ልከው የሄደበትንና የተመለሰበትን ጊዜ ነው የሚቆጥሩት።

ነገሩ ያን ያህል ያረጀ አይደለም። ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራው በ1960 ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። በእጅ የሚያዘውን የግንባታ ሌዘር ሜትር ላይካ ያወጣው ደግሞ በ1993 ነው። ከዚያ በፊት የቤት ልኬት በአብዛኛው በሜትርና በገመድ ነበር። እና ቤቱ ቆሟል።

ኢንተርኔት ላይ 1,000 ሜትር የሚለካ አየሁ። ያንን ብገዛ አይሻልም?

ለቤት ሥራ አይሻልም። እንዲያውም አይሆንም። ያያችሁት በአንድ ዓይን የሚታይበት፣ ጎልፍ ተጫዋቾችና አዳኞች የሚይዙት ዓይነት ነው። አብዛኛው በ905 ናኖሜትር፣ ማለትም ዓይን በማያየው ብርሃን ነው የሚሠራው። ነጥቡ የት እንዳረፈ ግድግዳው ላይ አታዩትም። ስህተቱም ብዙውን ጊዜ ወደ ላይም ወደ ታችም አንድ ሜትር፣ ጥሩው ግማሽ ሜትር ነው። የመኝታ ቤት በር ስፋቱ 90 ሴንቲ ገደማ ነው። አንድ ሜትር የሚስት መሣሪያ በሩን ጭራሽ ሊያጠፋው ይችላል።

1,000 የሚለው ቁጥርም እንደ መንገድ ምልክት ብርሃን አንጸባርቆ በሚመልስ ነገር ላይ የተለካ ነው። ዛፍ ወይም እንስሳ ላይ ሲሆን ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ጠመንጃ ላይ የሚታሰረውን ዓይነት «ጠንካራ ነው ይባላል» ብሎ የጠየቀኝም ሰው አለ። ጥንካሬው ለተኩስ ምት እንጂ ለልኬት ጥራት የተሠራ አይደለም። የሚስተው ያው በሜትር ነው። የጦር መሣሪያ ጉዳይ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚታይ ነገር ነው፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።

የሩቁ መለኪያ ወሎ ውስጥ ሥራ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ቦረና ሳይንት ወይም አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለሚቆጥር ሰው ይጠቅማል። ቆጣሪው አንድ መስመር ይዞ ይሄዳል። እንስሳ ባየ ቁጥር ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ ይመዘግባል። ከዚያ «በቅርብ ይህን ያህል አየሁ፣ በሩቅ ሲሆን ይህን ያህል አመለጠኝ» እያለ ጠቅላላውን ቁጥር ይገምታል። እዚያ ላይ አንድ ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል ቀበሮውም አይቀየም።

የ20፣ የ40፣ የ60 እና የ100 ሜትር አለ። የትኛውን ልውሰድ?

ቤት ውስጥ ብቻ ከሆነ 40 ይበቃል። ከሱቅና ከመጋዘን በስተቀር 20 ሜትር የሚሞላ ክፍል ስንቱ ቤት አለው? አዳራሽ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ኮምቦልቻ ያሉትን የፋብሪካ ሼዶች የምትለኩ ከሆነ 60 ወይም 100 ውሰዱ።

ግን ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ አትመኑት። ቁጥሩ ነጭ ግድግዳ ላይ፣ ጥላ ቦታ የተለካ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በቀትር ፀሐይ ስትለኩ ሌላ መሣሪያ የያዛችሁ ነው የሚመስላችሁ። ቀይዋ ነጥብ ከ10 እና ከ15 ሜትር በኋላ ትጠፋለች። መሣሪያው መለካት ቢችል እንኳ እናንተ ምን እየለካችሁ እንደሆነ አታውቁም። ቀዩ መነጽር ትንሽ ይረዳል። (ለዓይን መከላከያ አይደለም፤ ነጥቡን ለማየት ብቻ ነው።) ከሁሉም የሚሻለው ነጭ ሰሌዳ ነው። ረዳታችሁ ካርቶን ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎ ይያዝላችሁ። ደጅ ብዙ የምትለኩ ከሆነ ደግሞ ካሜራ ያለው፣ ነጥቡን አጉልቶ ስክሪን ላይ የሚያሳየውን ግዙ። ዋጋው ከፍ ይላል። እኔ ሳይኖረኝ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን አለኝ፤ መመለስ አልፈልግም።

«ዲግሪ ያለው» የሚባለው ምንድን ነው? ተጨማሪ ብር ያዋጣል?

ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። ወሎ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

ደሴን ታውቋታላችሁ። ጦሳ ተራራ ሥር ተለጥፋ ያደገች ከተማ ናት። ግቢው ዳገት ነው፤ መንገዱም ዳገት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ለመድረስ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ገደማ ይወርዳል። እንዲህ ባለ አገር ላይ ሜትር መሬት ላይ ዘርግቶ ቦታ የሚለካ ሰው ይሳሳታል። ሜትሩ ግን ልክ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ካርታ ላይ የተጻፈው ርዝመት አግድም ርዝመት ነው። ካርታ ወፍ ከላይ ሆና እንደምታየው ነው የሚሳለው። ተዳፋቱ ላይ የተኛው ርዝመት ከአግድሙ ይረዝማል። ስንት ይረዝማል? መሬት ላይ 20 ሜትር ለካችሁ እንበል። ተዳፋቱ 5 ዲግሪ ከሆነ አግድሙ ከዚያ 8 ሴንቲ ያንሳል። ይሄ አያጣላም። 10 ዲግሪ ሲሆን 30 ሴንቲ ያንሳል። 15 ዲግሪ ሲሆን ወደ 70 ሴንቲ። 20 ዲግሪ ሲሆን 1 ሜትር ከ20።

አሁን ይህን አስቡት። አንድ ሰው ካርታው 10 በ20፣ 200 ካሬ ይላል። ቦታው 15 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ልጁን ይዞ ሜትር ዘረጋ፤ 20 ሜትር ከ70 አገኘ። ጎረቤት ይህን ሰማ። «70 ሴንቲ ገፍተኸኛል» አለ። ሽማግሌ ተሰበሰበ፣ ቡና ተፈላ። ማንም ማንንም አልገፋም። 70 ሴንቲዋ የዳገቱ ናት። በተቃራኒውም ይመጣል። ቦታ ሲሸጥ መሬት ላይ 20 ሜትር ተለክቶ «200 ካሬ» ይባላል። ገዢው የሚያገኘው 193 ካሬ ነው። በዛሬ የቦታ ዋጋ 7 ካሬ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ዲግሪ ያለው ሌዘር ሜትር ውስጡ የዘንበል መለኪያ አለው። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አነጣጥራችሁ ስትጫኑ ሦስት ነገር ይነግራችኋል፤ ቀጥታ ርቀቱን፣ አግድሙንና ከፍታውን። ስሌቱን ራሱ ይጨርሰዋል።

የድሮ ግንበኞች ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ሜትሩን በውሃ ልክ አግድም ይይዙታል። ጫፉ ላይ ቱምቢ ይጥላሉ። ቱምቢው ካረፈበት ደግሞ ይቀጥላሉ፣ ደረጃ በደረጃ እያሉ እስከ ታች። ልኬታቸው ዛሬም ልክ ነው። ጊዜና ሁለት ሰው ይፈልጋል እንጂ።

አንዲት ነገር ልጨምር። አግድሙ ለሁሉም ሥራ አይደለም። ለአጥር የሾህ ሽቦ ስትገዙ የሚያስፈልጋችሁ ተዳፋቱን ተከትሎ ያለው ርዝመት ነው፤ ሽቦው መሬቱን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ቆርቆሮ ቀጥ አድርጋችሁ የምታቆሙ ከሆነ ግን አግድሙን ውሰዱ፤ እያንዳንዱ ቆርቆሮ የሚሸፍነው አግድም ስፋቱን ያህል ነውና። የጣሪያ ክዳን ደግሞ እንደ ሽቦው በተዳፋቱ ይለካል። ቆርቆሮ አንሶባቸው ወደ ሱቅ የተመለሱ ሰዎች ይህን ያውቁታል።

የዘንበል መለኪያው ራሱ ይታመናል?

በልኩ ይታመናል። የብዙዎቹ ስህተት 0.2 ዲግሪ ገደማ ነው። 30 ሜትር ርቆ 15 ዲግሪ ላይ ላለ ነገር ይህ አግድሙን 3 ሴንቲ እንኳ አያስተውም። ከፍታውን ግን 10 ሴንቲ ሊያስተው ይችላል። ስለዚህ ለአጥርና ለቦታ ስፋት ግሩም ነው። ለደረጃ ሥራ ወይም ለቧንቧ ቁልቁለት ግን እንዳትጠቀሙበት። ለዚያ የቱቦ ውሃ ልክ ወይም ሌዘር ሌቭል አለ። በእጅ ይዛችሁ ስትለኩ ደግሞ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከ15 ሜትር በላይ ከሆነ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አስሩት። መግዛት ካልፈለጋችሁ ብሎኬት ላይ አስደግፉት።

«ስህተቱ 2 ሚሊሜትር» ይላል። እውነት ነው?

ከጥሩ ፋብሪካ ከሆነ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ፣ አዎ። ጥሩ ሁኔታ ማለት ነጭ ግድግዳ፣ ጥላ፣ ከ10 ሜትር የማይበልጥ ርቀት ነው። ከዚያ በላይ በየሜትሩ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። በእጅ የሚያዙ ሌዘር ሜትሮች በምን መልክ እንደሚፈተኑ የሚደነግግ ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ፤ አይኤስኦ 16331-1 ይባላል። ማንዋሉ ላይ ይህ ቁጥር ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ግን ቁጥር ማተም ለማንም አያስቸግርም። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ራሳችሁ ፈትኑት።

እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው። ሱቁ ወለል ላይ ቀጥ ባለ መስመር ሦስት ቦታ ምልክት አደርጋለሁ። ሀ፣ ለ፣ ሐ እንበላቸው። ከሀ እስከ ለ እለካለሁ። ከለ እስከ ሐ እለካለሁ። ከዚያ ከሀ እስከ ሐ በአንድ ጊዜ። ሁለቱ ተደምረው ከሦስተኛው ጋር እኩል መምጣት አለባቸው። መሣሪያው ሁልጊዜ 5 ሚሊሜትር የሚጨምር ከሆነ ሁለቱ ልኬት ላይ 10 ይጨምራል፤ ረጅሙ ላይ 5 ብቻ። ልዩነቱ ራሱን ያጋልጣል። ይህን ለመሥራት ሌላ መለኪያ አያስፈልግም፤ የሚነጥርበት ካርቶን ብቻ ያዙ።

ይህ ፈተና የማይዘው አንድ በሽታ አለ። ከርቀቱ ጋር አብሮ የሚያድግ ስህተት በድምር አይታይም። ስለዚህ ጥሩ የብረት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ 5 ሜትር ላይ አስተያዩት። አንዱን ቦታ ደግሞ አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ ለኩ። ቁጥሩ 3 እና 4 ሚሊሜትር የሚዘል ከሆነ መልሱት። ባለሱቁ «አንተ ልትገዛ ነው ልትመረምር?» ይል ይሆናል። ይበል። ቡና ጋብዙት።

ገዝቼ ልኬቱ ሁልጊዜ 11 ሴንቲ ያህል ይስታል። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። መሣሪያው ከየት ጀምሮ እንደሚለካ ተቀይሮባችሁ ነው። ከጀርባው ጀምሮ፣ ወይም ከፊቱ ጀምሮ መለካት ይችላል። ብዙዎቹ ስታበሯቸው ከጀርባ ነው የሚጀምሩት። የምትቀይር ቁልፍ አለች። ስክሪኑ ጥግ ላይም ትንሽ ሥዕል አለች፤ ያቺን የሚያያት የለም። የሚስተው ልክ የመሣሪያውን ቁመት ያህል ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አንድ ቤት አምስት መስኮት ለካሁ። ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ሲነካካው ቁልፏን ተጭኗት ኖሯል። እኔ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ እለካለሁ፤ እሱ ከፊቱ ይቆጥራል። አልሙኒየሙ ተቆርጦ ሲመጣ ሁሉም 11 ሴንቲ አጥሯል። ረዝሞ ቢሆን ይቆረጣል። አጭር አልሙኒየም ምን ይደረጋል? ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ቤት ገብቼ መጀመሪያ የምለካው የማውቀውን ነገር ነው። የራሴን ውሃ ልክ እለካለሁ፤ 1 ሜትር ካለ ወደ ሥራ እገባለሁ።

ከዚህ ያነሰ ግን በየቀኑ የሚሠራ ስህተት ማጋደል ነው። 5 ሜትር ክፍል ስትለኩ 2 ዲግሪ ብታጋድሉት 3 ሚሊሜትር ይጨምራል። 5 ዲግሪ ብታጋድሉት 19 ሚሊሜትር። ለዚህ «ተከታታይ ልኬት» የሚባለውን ተጫኑና መሣሪያውን ቀስ ብላችሁ ወዲህ ወዲያ በሉት። ትንሿን ቁጥር ይይዝላችኋል። ትክክለኛው እሱ ነው። የክፍሉን ማዕዘን ለማየት ደግሞ ከጥግ ጥግ ስትለኩ ትልቁን ቁጥር ውሰዱ። 4 በ5 የሆነ ክፍል ከጥግ ጥግ 6 ሜትር ከ40 መምጣት አለበት፣ ሁለቱም አቅጣጫ። ካልመጣ ሴራሚክ ሳትገዙ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ።

ታዲያ የብረቱን ሜትር ልጣለው?

እንዳትጥሉት። ከአንድ ሜትር በታች የሆነ ነገር በብረት ሜትር ይፈጥናል። እንጨት ላይ ምልክት ማድረግ፣ የቧንቧ ቀዳዳ፣ የማብሪያ ማጥፊያ ቦታ፣ ይሄ ሁሉ የብረቱ ሥራ ነው። ሌዘር የሚነጥርበት ነገር ይፈልጋል። ባዶ አየር ላይ ያለቀ የግንብ ጫፍ ላይ ምን ይነጥራል?

የረጅሙ ብረት ሜትር ግን ችግር አለበት። መሀሉ ይረግባል። ሙቀትም ይለጥጠዋል። የተስተካከለው በ20 ዲግሪ ነው። ቆቦ ወይም መርሳ ላይ ፀሐይ ተመትቶ 40 ዲግሪ ከደረሰ የ30 ሜትሩ ወደ 7 ሚሊሜትር ይለጠጣል። ሌዘሩ ይህ ጣጣ የለበትም።

ጉም፣ አቧራ፣ ዝናብ ላይ ይሠራል?

ደሴ ክረምቱም በልጉም ጉም አያጣትም። ጠዋት ላይ ከአዝዋ ገደል በኩል ጉሙ ሲወርድ ለደጅ ልኬት አትድከሙ። ብርሃኑ ጠብታዎቹ ላይ ይበተናል፤ ወይ ስህተት ይጽፋል ወይ ጭራሽ አይመልስም። ረፋድ ላይ ሞክሩ።

ከመግዛታችሁ በፊት «አይፒ» የሚለውን ቁጥር እዩ። የመጀመሪያው አኃዝ ለአቧራ፣ ሁለተኛው ለውሃ ነው። አይፒ 54 ከሆነ አቧራና የውሃ ፍንጣቂ ይችላል። አይፒ 65 ከሆነ አቧራ ጨርሶ አያስገባም፣ የሚረጭ ውሃም ይችላል። ሲሚንቶ የሚቦካበት ቦታ ለምትሠሩ 54 ትንሹ ነው።

መስታወት፣ መስታወት የመሰለ ሴራሚክና ውሃ ያታልሉታል። ብርሃኑ ወይ ያልፋል ወይ ወደ ሌላ ይነጥራል። ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ግንብ ላይ ርቀቱ በጣም ይቀንሳል። ለሁሉም መድኃኒቱ ያው ነጭ ወረቀት ነው።

ዓይን ይጎዳል?

የግንባታዎቹ በሌዘር ደህንነት ደረጃ ብዙውን ጊዜ ክፍል 2 ናቸው፤ ጉልበታቸው ከ1 ሚሊዋት አይበልጥም። ድንገት ዓይን ቢገባ ዓይን ራሱ በሩብ ሰከንድ ይጨፈናል፤ ያ ይበቃል። ሆን ብሎ ማየት ግን ሌላ ነው። መለያው ላይ 2 የሚል ከሌለ ወይም 3 የሚል ካለ ተዉት። ለልጅ መጫወቻ አትስጡ። ወደ ሹፌርና ወደ አውሮፕላን አታነጣጥሩ። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አካባቢ ለምትኖሩ ይህን ደግሜ እላለሁ።

ቦሽ ልግዛ፣ ላይካ ልግዛ ወይስ የማላውቀው ስም ያለው?

የሁለቱም ስም በከንቱ አልወጣም። ግን ስሙ የታተመበት ሁሉ የእነሱ አይደለም። ስሙን ሳይሆን ፈተናውን እመኑ። ሀ፣ ለ፣ ሐን ያለፈ ስሙ የማይታወቅ መሣሪያ ካላለፈ «ኦሪጅናል» ይሻላል። በዓመት ሁለት ቤት ለምትለኩ ርካሹ ይበቃል። እንጀራችሁ ከሆነ ግን አንዴ ጨክናችሁ ጥሩውን ግዙ። ብሉቱዝ አለው፣ ስልክ ላይ ፕላን ይስላል ለሚለው ብር አትጨምሩ፤ ዲግሪ ላለው ጨምሩ።

ስልኬ መለካት ይችላል። አይበቃም?

ለሶፋ ይበቃል። ከአይፎን 12 ፕሮ ጀምሮ አንዳንዶቹ ራሳቸው የሌዘር መለኪያ አላቸው፤ እሱም 5 ሜትር ያህል ነው። በካሜራ ብቻ የሚገምቱት በሴንቲሜትሮች ይስታሉ። ለሴራሚክ አይሆኑም።

ከጎረቤቴ ጋር የወሰን ክርክር አለኝ። በሌዘር ለክቼ ማስረጃ ላቅርብ?

ለራሳችሁ ለማወቅ ለኩ። ምናልባት ያ የዳገቱ 70 ሴንቲ ሊሆን ይችላል፤ አውቃችሁ ትገላገላላችሁ። ለማስረጃ ግን አይሆንም። ሌዘር ሜትር ርቀት እንጂ ቦታን አያውቅም። የወሰን ድንጋዩ ራሱ ተነቅሎ ቢሆንስ? ቀያሽ ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን አንድ ላይ የሚለካ የቀያሽ መሣሪያ) ይዞ መጥቶ ከሚታወቅ ነጥብ ተነስቶ ነው የሚለካው። የስልክ ጂፒኤስም 3 እና 5 ሜትር ይስታል፤ ወሰን ላይ እሱን ይዞ የሚሟገት ሰው አይቻለሁ። ወደ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ቀያሽ ጠይቁ።

ባትሪውስ?

ብዙዎቹ ሁለት ትሪፕል ኤ ይበላሉ። ሺህ ጊዜ ይለካል የሚለው በጥሩ ባትሪ ነው፤ የሱቁ ርካሽ ባትሪ ግማሹን አይሄድም። ባትሪ ሲደክም አንዳንዱ መሣሪያ ከመጥፋቱ በፊት ለመለካት ይዘገያል። ክረምት ላይ ሥራ ሲቆም ባትሪውን አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ያፈሰሰ ባትሪ የበላውን መሣሪያ ማንም አይጠግነውም። መኪና ዳሽቦርድ ላይም አትተዉት። ብዙዎቹ ከ40 እና ከ50 ዲግሪ በላይ መሥራት ያቆማሉ። ያኔ ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ ሻይ ጠጡ፤ ሲበርድ ይመለሳል።